መሐንዲሱ ኸርበርት ቻፕማንና የሁለት ክለቦች የሻምፒዮና ሜዳሊያ

የእንግሊዝ ሊግ ሻምፒዮና ዋንጫ የክለቡ ነው፤ ለአንድ ዓመት በክለቡ ቤት ተቀምጦ ለሚቀጥለው አሸናፊ ይተላለፋል። ሜዳሊያው ግን የተጫዋቹ ነው። ከመዳፍ ውስጥ የምትደበቅ ትንሽ የወርቅ ቁራጭ ብትሆንም ባለቤቷ ጫማውን ከሰቀለ በኋላ በመሳቢያው ውስጥ ትኖራለች፤ እሱ ካለፈም በኋላ ለልጆቹ ትተርፋለች። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የእንግሊዝ ተጫዋች ደመወዝ በደንብ የተገደበ ስለ ነበረ፣ ከብዙ ዓመት ሩጫና ስብራት በኋላ ለአንድ ሰው የሚተርፈው ሀብት አንዳንድ ጊዜ ይህችው ሜዳሊያ ብቻ ነበረች።

በ1903 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በብረት ሥራዋ በታወቀችው በሼፊልድ ከተማ ሁለት ወንድማማቾች በሁለት ተፎካካሪ ክለቦች ይጫወቱ ነበር። ታናሹ ሃሪ ቻፕማን በዌንስዴይ ክለብ የፊት መስመር ተሰልፎ የዚያን ዓመት የሊግ ሻምፒዮና ሜዳሊያ ወሰደ። በሚቀጥለውም ዓመት ሁለተኛውን ደገመ፤ በ1907 ደግሞ የእንግሊዝን ዋንጫ ሜዳሊያ ጨመረበት። ታላቁ ኸርበርት በዚያው በ1903 የውድድር ዘመን ለሼፊልድ ዩናይትድ ሲጫወት ቆይቶ ያለ አንዳች ሽልማት ከተማውን ለቀቀ። በተጫዋችነት ዘመኑ ሁሉ የሊግ ሻምፒዮና ሜዳሊያ ከእጁ ሳይገባ ቀርቷል። በኋላ ግን በሁለት ክለቦች ለተሰለፉ በርካታ ተጫዋቾች ሜዳሊያ ምክንያት የሆነው ይኸው ባዶ እጁን የወጣው ወንድም ነው።

ኸርበርት ቻፕማን ጃንዋሪ 19 ቀን 1878 ከሼፊልድ አጠገብ በምትገኘው የከሰል ማዕድን መንደር በኪቭተን ፓርክ ተወለደ። አባቱ ከሰል ቆፋሪ ነበር። በዚያ መንደር የተወለደ ወንድ ልጅ ዕጣው አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ ጉልበቱ እንደ ጠና አባቱን ተከትሎ ወደ ጉድጓድ ይወርዳል። ኸርበርት ግን በትምህርቱ ብርቱ ስለ ነበረ ወደ ሼፊልድ የቴክኒክ ኮሌጅ ገብቶ የማዕድን ምሕንድስና ተማረ። የማዕድን መሐንዲስ ከሁሉ በፊት የሚማረው የከሰሉን አወጣጥ ሳይሆን ጣሪያው እንዳይናድ የሚደገፍበትን፣ አየሩ የሚዘዋወርበትንና ውሃው የሚቀዳበትን ዘዴ ነው። ማትረፍ የሚመጣው ቆፋሪዎቹ በሕይወት የሚመለሱበት መንገድ ከተበጀ በኋላ ነው። ቻፕማን በኋለኛው ዘመን ቡድን ሲያዋቅር ሁልጊዜ ከኋላው መስመር መጀመሩን የሚያይ የሙያ ባልደረባ ይህ ትምህርት ከአእምሮው እንዳልጠፋ ለመገመት ይደፍራል።

የተጫዋችነቱ ታሪክ ብዙ የሚያስወራ አይደለም። ከአንዱ ክለብ ወደ ሌላው ሲዘዋወር፣ ግሪምዝቢን፣ ስዊንደንን፣ ኖርዛምፕተንን፣ ሼፊልድ ዩናይትድን፣ ኖትስ ካውንቲንና ቶተነምን አዳርሷል። ብዙውን ጊዜ በአማተርነት ይጫወት ስለ ነበረ ክለቡን የሚመርጠው የምሕንድስና ሥራ በሚያገኝበት ከተማ ነበር። በሜዳ ላይ ሰው የሚለየው ከችሎታው ይልቅ በቢጫ ጫማው ነው። በ1905 አኒ ፖክሰን የምትባል መምህርት አገባ። በ1907 ከቶተነም ሲወጣ ጨዋታን ጨርሶ ትቶ ወደ ሙያው ለመመለስ አስቦ ሳለ፣ የቀድሞ ክለቡ ኖርዛምፕተን ታውን በተጫዋችነትና በሥራ አስኪያጅነት እንዲመራው ጠየቀው። ለጊዜው ነው ብሎ ገባ።

ኖርዛምፕተን በዚያ ጊዜ በደቡብ ሊግ ሠንጠረዥ ግርጌ የተቀመጠ ደካማ ክለብ ነበር። በዘመኑ ልማድ መሠረት የቡድን አሰላለፍ የሚወሰነው በክለቡ ሹማምንት ስብሰባ ሲሆን፣ ተጫዋቾቹ ሜዳ ከገቡ በኋላ እያንዳንዱ እንደ ሃሳቡ ይሮጣል፤ አስቀድሞ ተነጋግሮ በዕቅድ መጫወት እምብዛም አይታወቅም። ቻፕማን ተጫዋቾቹን ሰብስቦ ስለ ጨዋታው ያወያይ ጀመር። አንድ ቡድን አለመጠን ካጠቃ ራሱ የተጋጣሚውን ግብ በሰው አጥሮ መግቢያ እንደሚያጣ አስተዋለ፤ ስለዚህ ቡድኑ ሆን ብሎ ወደ ኋላ እንዲሳብ፣ ተጋጣሚው ከምሽጉ ሲወጣ ከጀርባው በተከፈተው ባዶ ሜዳ በፍጥነት እንዲያጠቃ አደረገ። በ1909 ኖርዛምፕተን የደቡብ ሊግ ሻምፒዮን ሆነ።

በ1912 ሊድስ ሲቲ ጠራው። ክለቡ በሁለተኛው ዲቪዚዮን ከመጨረሻው አንድ ደረጃ ብቻ ከፍ ብሎ ይገኝ ነበር፤ ቻፕማን በመጀመሪያው ዓመት ስድስተኛ፣ በሁለተኛው ዓመት አራተኛ አደረሰው። ወደ አንደኛው ዲቪዚዮን ለመግባት ጥቂት ሲቀረው የአንደኛው የዓለም ጦርነት ተነሣ። ሊጉ ተቋረጠ፤ ተጫዋቾቹ ዘመቱ። ቻፕማን በ1916 ከሊድስ አጠገብ በባርንቦ ወደ ተቋቋመው የጥይት ፋብሪካ በኃላፊነት ገባ። በዚህ ፋብሪካ በዲሴምበር 1916 በደረሰው ፍንዳታ 35 ሴቶች ሠራተኞች ሞተዋል። በዚያው ዓመት ሜዳሊያዎቹን ሰብስቦ የነበረው ወንድሙ ሃሪ በሳንባ ነቀርሳ በሠላሳ ስድስት ዓመቱ ዐረፈ።

የቻፕማን ሕይወት ሊሰበር የተቃረበው ከዚህ በኋላ ነው። በጦርነቱ ጊዜ በነበረው ደንብ መሠረት ለእንግዳ ተጫዋች ከወጪው በስተቀር ደመወዝ መክፈል ክልክል ነበር። በ1919 ከሊድስ ሲቲ ጋር በደመወዝ የተጣላ አንድ የቀድሞ ተጫዋች ክለቡ ይህን ደንብ ጥሷል ሲል ከሰሰ። መርማሪዎቹ የሒሳብ መዝገቡ እንዲቀርብላቸው አዘዙ፤ የክለቡ ሹማምንት አናቀርብም አሉ። መዝገብ የሚደብቅ ጥፋተኛ ነው ተብሎ ተፈረደ። ሊድስ ሲቲ የውድድር ዘመኑ ከተጀመረ ስምንት ጨዋታ ብቻ እንዳደረገ ከሊጉ ተባረረ፤ የቀሩት ግጥሚያዎች ለፖርት ቬይል ተሰጡ። ኦክቶበር 17 ቀን 1919 ተጫዋቾቹ በከተማው በሚገኘው በሜትሮፖል ሆቴል የሌሎች ክለቦች ተወካዮች በተገኙበት በጨረታ ተሸጡ። የከሰረ ፋብሪካ መሣሪያዎቹን አውጥቶ እንደሚሸጥ ማለት ነው፤ ልዩነቱ የሚሸጡት መሣሪያዎች ቤተሰብ ያላቸው ሰዎች መሆናቸው ነበር።

ቻፕማን በዲሴምበር 1918 ሥራውን ለቅቆ በሴልቢ ከተማ በአንድ የዘይት ፋብሪካ ተቀጥሮ ነበር። ሆኖም ከሌሎቹ የክለቡ ሹማምንት ጋር ስሙ ተደርቦ በእግር ኳስ ሥራ ለዕድሜ ልክ እንዳይሠማራ ታገደ። ጥቂት ቆይቶም የሴልቢው ፋብሪካ ሠራተኞችን ሲቀንስ ከሥራ ወጣ። በአርባ ሁለት ዓመቱ፣ አራት ልጆች ይዞ፣ ከአንዱ ሙያው ተባርሮ በሌላው ሙያው ሥራ አጥ ሆነ።

በዚህ ጉዳይ ላይ ቻፕማንን ፍጹም ንጹሕ አድርጎ መሳል ለጸሐፊ ቀላል ነው፤ ነገር ግን መዝገቡ ለዳኞቹ ስላልቀረበ በውስጡ የነበረው ተመርምሮ አልተፈረደበትም። የሚታወቀው ይህ ብቻ ነው፤ ክፍያዎቹ ተፈጽመዋል በተባለበት ጊዜ እሱ በጥይት ፋብሪካው ነበረ፣ የክለቡም የዕለት ሥራ በሌላ ሰው እጅ ነበር። የታገደው ግን በተናጠል ባደረገው ሳይሆን በያዘው ማዕርግ ነው። ኃላፊነት የፈረመ መሐንዲስ ይህን ነገር ያውቀዋል። ድልድዩ ሲሰነጠቅ ግንበኛው የት ነበር ተብሎ ከመጠየቁ በፊት ፕላኑን የፈረመው ይጠራል።

ከዚህ ጉድጓድ ያወጣው ኸደርስፊልድ ታውን ነው። ይህ ክለብ በ1908 የተቋቋመና ራግቢ በሚወደድበት አውራጃ ተመልካች ያጣ ነበር። የሊድስ ሲቲ መፍረስ እሱንም ሊያጠፋው ነበር፤ በ1919 ባለሀብቱ ክለቡን ጠቅልሎ ወደ ሊድስ ሊያዛውረው ሲያስብ የከተማው ሕዝብ ገንዘብ አዋጥቶ አስቀረው። የኸደርስፊልድ ሹማምንት የቻፕማንን አቤቱታ ደግፈው ተከራከሩ፤ በወቅቱ በፋብሪካ ሥራ ላይ መሆኑን አስረዱ። እገዳው ተነሣ፤ በ1921 መጀመሪያ በረዳትነት ገብቶ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሥራ አስኪያጅ ሆነ።

በዚያ ክለብ የሠራው ሥራ በጥሩ ዕቅድ እንደሚሠራ ሕንፃ ደረጃ በደረጃ ይታያል። በመጀመሪያ ከአስተን ቪላ ክሌም ስቲቨንሰንን ገዛ። ስቲቨንሰን በቪላ ሁለት የዋንጫ ሜዳሊያዎች ያገኘ፣ ዕድሜው ወደ ሠላሳ የገፋ፣ ሌሎች አለቀለት የሚሉት ተጫዋች ነበር፤ ቻፕማን የፈለገው እግሩን ብቻ ሳይሆን አንጎሉን ነው። በ1922 ኸደርስፊልድ ፕሬስተንን በፍጹም ቅጣት ምት 1 ለ 0 አሸንፎ የእንግሊዝን ዋንጫ ወሰደ። በ1923 በሊጉ ሦስተኛ ወጣ። በ1924 ደግሞ ለሙያችን ሰዎች የተለየ ጣዕም ያለው ፍጻሜ መጣ።

በመጨረሻው ቀን የዌልሱ ካርዲፍ ሲቲ በአንድ ነጥብ ይመራ ነበር። ካርዲፍ በበርሚንግሃም ሜዳ ፍጹም ቅጣት ምት አግኝቶ ሳተ፤ ጨዋታውም ያለ ግብ ተፈጸመ። ኸደርስፊልድ በሜዳው ኖቲንግሃም ፎረስትን 3 ለ 0 አሸነፈ። ሁለቱም እኩል 57 ነጥብ ያዙ። በዘመኑ ደንብ እኩል ነጥብ የያዙ ክለቦች የሚለዩት ያገቡት ግብ ለገባባቸው ግብ ተካፍሎ በሚገኘው ውጤት ነው። ኸደርስፊልድ 60 አግብቶ 33 ገብቶበታል፤ ካርዲፍ 61 አግብቶ 34 ገብቶበታል። ስድሳ ለሠላሳ ሦስት ሲካፈል 1.818፣ ስድሳ አንድ ለሠላሳ አራት ሲካፈል 1.794 ይሆናል። ልዩነቱ 0.024 ነው። በማካፈል ፈንታ በመቀነስ ቢሠራ ኖሮ ሁለቱም 27 ላይ እኩል ይሆኑና ብዙ ግብ ያገባው ካርዲፍ ይበልጥ ነበር። የእንግሊዝ ሊግ ወደ መቀነሱ ስሌት የተሸጋገረው በ1976 ነውና ለካርዲፍ ተጫዋቾች እጅግ ዘግይቷል። የኸደርስፊልድ ተጫዋቾች የመጀመሪያ የሊግ ሜዳሊያቸውን ያገኙት በአንድ የሒሳብ ምልክት ምርጫ ነው ማለት ይቻላል። ሆኖም ማካፈል የሚያደላው ግብ ለማያስገባ ቡድን ነው፤ ቻፕማንም ከኋላ ጀምሮ የሠራው ቡድን እንዲህ ዓይነት ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት ለጥርጣሬ ቦታ አልተወም። በ42 ጨዋታ የገባበት ግብ 28 ብቻ ሆኖ ኸደርስፊልድ ሁለተኛውን ሻምፒዮና አገኘ። ሦስተኛው ሲጠበቅ ቻፕማን ከተማውን ለቀቀ።

በሜይ 1925 አርሰናል ሥራ አስኪያጅ እንደሚፈልግ በጋዜጣ አስታወቀ። ማስታወቂያው ቡድን የሚሠሩት በከባድ የዝውውር ገንዘብ ብቻ የሆኑ ሰዎች እንዳያመለክቱ የሚከለክል ነበር። የክለቡ ሊቀ መንበር ሄንሪ ኖሪስ ይህን አጽፎ ሳለ፣ የተቀጠረው ሰው ወዲያው ከሰንደርላንድ ቻርሊ ባካንን በ2,000 ፓውንድና በመጀመሪያው ዓመት ለሚያገባው ለእያንዳንዱ ግብ 100 ፓውንድ ተጨማሪ ውል አስገዛው። ባካን በዚያ ዓመት 21 ግቦች ስላስቆጠረ ሒሳቡ ወደ 4,100 ፓውንድ ወጣ። ዛሬ በአዲስ አበባ ሻይ ቤቶች ስሙ ሳይነሣ የማይውለው አርሰናል በዚያን ጊዜ አንድም ዋንጫ ያልነበረው፣ ከሊጉ ላለመውረድ የሚታገል ክለብ ነበር።

በዚያው ክረምት የጨዋታው ሕግ ተለወጠ። እስከዚያ ድረስ ኳስ ሲላክለት አንድ አጥቂ ከጨዋታ ውጪ እንዳይባል በእሱና በግቡ መስመር መካከል ሦስት ተጋጣሚዎች መኖር ነበረባቸው፤ ከ1925 ጀምሮ ሁለት በቂ ሆኑ። የአንድ ሰው ቅነሳ ጥቂት ይመስላል። ውጤቱ ግን የአንደኛው ዲቪዚዮን ግብ በአንድ ዓመት ከ1,192 ወደ 1,703 መዝለሉ ነው። ሸክሙ ከተለወጠ አሮጌው ምሰሶ አይችለውም። ኦክቶበር 3 ቀን 1925 አርሰናል በኒውካስል 7 ለ 0 ተሸነፈ። ከዚህ ሽንፈት በኋላ በተደረገው ውይይት ባካን የመሐሉ አማካይ ወደ ኋላ ወርዶ በሁለቱ ተከላካዮች መካከል እንዲቆም ደጋግሞ ያቀረበውን ሃሳብ ቻፕማን ተቀበለ። አንድ ሰው ከመሐል ሲነሣ በዚያ የሚከፈተውን ክፍተት ለመሙላት ከፊት መስመር አንድ አጥቂ ወደ ኋላ ተሳበ። በሁለት ቀን ልዩነት ዌስት ሃም በሜዳው 4 ለ 0 ተሸነፈ። ሃሳቡ የባካን፣ አፈጻጸሙ የቻፕማን ነው ብሎ መለየት ይገባል፤ ሌሎች ክለቦችም በየፊናቸው ይህንኑ ይሞክሩ ነበር። ቻፕማን የሚበልጠው ለእያንዳንዱ ቦታ ተስማሚውን ሰው እስኪያገኝ ድረስ ዓመታት በመታገሡ ነው። ለመሐሉ ምሰሶ የተገኘው ኸርቢ ሮበርትስ ከትንሽ ክለብ በርካሽ የመጣ፣ በኳስ ጥበብ ያልታወቀ ረጅም ሰው ነበር። የተሰጠውን ሥራ ግን አይስትም፤ በመጨረሻም አራት የሊግ ሜዳሊያዎች ሰበሰበ።

በ1926 ሠንጠረዡ ሲዘጋ አንደኛ ኸደርስፊልድ፣ ሁለተኛ አርሰናል ሆነ። የቀድሞ ልጆቹ በእንግሊዝ ታሪክ የመጀመሪያውን ሦስት ተከታታይ ሻምፒዮና ሜዳሊያ ሲያጠልቁ እሱ ከአዲሶቹ ልጆቹ ጋር ተቀምጦ ተመለከተ።

በ1927 አርሰናል ለመጀመሪያ ጊዜ ለእንግሊዝ ዋንጫ ፍጻሜ ቀረበ፤ ተጋጣሚው ካርዲፍ ሆነ። ጨዋታው ሊፈጸም ጥቂት ሲቀረው ወደ ግብ የተመታች ደካማ ኳስ ከአርሰናሉ በረኛ ከዳን ሉዊስ እጅ ሾልካ መስመሩን አለፈች። ዋንጫው ከእንግሊዝ ወጥቶ ወደ ዌልስ ሄደ፤ እስከ ዛሬም ድረስ ከዚያ በቀር ወጥቶ አያውቅም። ሉዊስ ራሱ ዌልሳዊ ስለ ነበረ ሆን ብሎ አደረገው የሚል ሐሜት ተወራበት። የተሸናፊነት ሜዳሊያውን በንዴት ሣሩ ላይ ወረወረው፤ የአገሩ ልጅና ባልደረባው ቦብ ጆን አንሥቶ ሌላ ዕድል እንደሚመጣለት አጽናናው ይባላል። ዕድሉ በ1930 ሲመጣ ሉዊስ ቆስሎ ነበርና ሌላ በረኛ ተሰለፈ። ባካንም በ1928 ጨዋታ ሲያቆም ከአርሰናል ያገኘው የዚያን ቀን የተሸናፊነት ሜዳሊያ ብቻ ነው። ክለቡ የቆመበትን ዘዴ ያቀረበው ሰው ቤቱ ሲጠናቀቅ አልነበረም።

ኖሪስ በገንዘብ አያያዝ ጥፋት ከእግር ኳስ ታገደ፤ ለባካን በድብቅ የተከፈለው ገንዘብ ከክሱ አንዱ ነበር። ቻፕማን በዚህ ጊዜ አልተነካም። በሁለት ክለቦች የተደበቀ ሒሳብ ከአጠገቡ መገኘቱ ግን አድናቂዎቹ ሲጽፉ የሚያልፉት ነገር ነው። ከሊድስ የተማረው ነገር ቢኖር የክለቡ ካዝና የት እንደሚቆም፣ የእሱ ሥራ ከየት እንደሚጀምር በግልጽ መለየት ሳይሆን አይቀርም።

ከኖሪስ በኋላ ገንዘቡም ሥልጣኑም በእጁ ገባ። በ1928 ዴቪድ ጃክን ከቦልተን ከ10,000 ፓውንድ በላይ ከፍሎ አስመጣ፤ በዘመኑ ያልተሰማ ዋጋ ነበር። በ1929 አጭሩን ስኮትላንዳዊ አሌክስ ጄምስን ከፕሬስተን፣ የአሥራ ሰባት ዓመቱን ልጅ ክሊፍ ባስቲንን ከኤክሰተር አመጣ። ጄምስ በቀድሞ ክለቡ ግብ አግቢ ነበር፤ ቻፕማን ግን ግብ ማግባቱን ትቶ ከመሐል ሆኖ ኳስ እንዲያከፋፍል አዘዘው። ልማዱን ለመተው ብዙ ተቸገረ፤ ወራት ፈጀበት። በኋላ ኳስ ከተከላካዩ ወደ ጄምስ፣ ከጄምስ በአንድ ረጅም ምት ወደ ባስቲን ወይም በቀኝ በኩል ወደሚሮጠው ጆ ሁልም ስትደርስ፣ ተጋጣሚዎች አርሰናል በዕድል ያሸንፋል ይሉ ነበር። ለብዙ ደቂቃ ሲያጠቁ ቆይተው በሦስት ቅብብል ግብ ሲቆጠርባቸው ዕድል መስሎ ቢታያቸው አይፈረድባቸውም። የኖርዛምፕተኑ ሃሳብ ከሃያ ዓመት በኋላ ተስማሚ ሰዎች ማግኘቱ ነው።

ኤፕሪል 26 ቀን 1930 በዌምብሌይ በተደረገው የዋንጫ ፍጻሜ ያጋጣሚ ነገር ሆኖ አርሰናልና ኸደርስፊልድ ተገናኙ። ሁለቱን ክለቦች ለሠራው ሰው ክብር ሲባል ቡድኖቹ ጎን ለጎን ሆነው ወደ ሜዳ ገቡ። በጨዋታው መካከል ግራፍ ዜፔሊን የተባለው የጀርመን አየር መርከብ በስታዲዮሙ ላይ ዝቅ ብሎ አለፈ። አርሰናል 2 ለ 0 አሸንፎ የመጀመሪያ ዋንጫውን አገኘ። በ1931 ደግሞ በ66 ነጥብና በ127 ግብ ሻምፒዮን ሲሆን የሊጉ ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ደቡብ እንግሊዝ ወረደ። ባስቲን ሃያ ዓመት ሳይሞላው የዋንጫ ሜዳሊያ፣ የሊግ ሜዳሊያና የብሔራዊ ቡድን ማልያ ባለቤት ሆነ።

መሐንዲስነቱ ከሜዳው ውጪም ይታያል። በ1928 ተጫዋቾቹ ቁጥር ያለበት ማልያ ለብሰው እንዲገቡ አደረገ፤ ሊጉ ይህን በደንብ የደነገገው በ1939 ነው። ተመልካቹ የቀረውን ጊዜ እንዲያውቅ አርባ አምስት ደቂቃ የሚቆጥር ትልቅ ሰዓት አስተከለ፤ የእግር ኳስ ማኅበሩ የዳኛውን ሥልጣን ይነካል ብሎ ስለ ተቃወመ በተራ ሰዓት ተለወጠ። በቤልጅግ በኤሌክትሪክ ብርሃን የሚደረግ የሌሊት ጨዋታ ካየ በኋላ በ1932 በተሠራው የምዕራብ ሰገነት ላይ መብራት አስገጠመ። ማኅበሩ ለውድድር አልፈቀደም፤ መብራቱ ለልምምድ ብቻ ዋለ፤ በሃይበሪ ተመልካች የተጠራበት የሌሊት ጨዋታ የታየው በ1951 ነው። ቴክኒኩ ተዘጋጅቶ ፈቃድ ለሃያ ዓመት መዘግየቱ በሙያችን እንግዳ ነገር አይደለም። በሜዳው አጠገብ የነበረው የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ በመንገዱ ስም ጊለስፒ ሮድ ይባል ነበር። ስሙን መለወጥ ማለት ቲኬቶችን፣ ካርታዎችንና የጣቢያ ምልክቶችን ሁሉ እንደገና ማሠራት ማለት ስለ ሆነ ባለሥልጣኖቹ ቢያንገራግሩም፣ ቻፕማን አልለቅ ብሎ በ1932 ጣቢያው አርሰናል ተባለ። የሕክምና ክፍሉን የሚመራው ቶም ዊታከርም በወጣትነቱ የመርከብ ሞተር ሙያ የተማረ ሰው ነበር፤ በኤሌክትሪክ መሣሪያ የቆሰለ ጡንቻ ማከምን በክለቡ አስፋፋ።

ሽንፈትም አልጎደለም። በ1932 አርሰናል በሊጉም በዋንጫውም ሁለተኛ ወጣ፤ በዋንጫው ፍጻሜ ኒውካስል ያገባው አንዱ ግብ ኳሷ ከሜዳው መስመር ከወጣች በኋላ የተሻማ ነበር። በጃንዋሪ 1933 ዋልሶል የተባለ የሦስተኛ ዲቪዚዮን ክለብ 2 ለ 0 አሸንፎ ከዋንጫው አስወጣው። በዚያ ቀን ቻፕማን በታመሙት ምትክ ልምድ የሌላቸውን አሰልፎ ነበር፤ ጥፋት ሠርቶ ፍጹም ቅጣት ምት ያስከተለውን ወጣት ተከላካይ በጥቂት ቀናት ውስጥ ለሌላ ክለብ ሸጠው። አሰላለፉን የወሰነው ራሱ ሆኖ ሳለ ዋጋውን ያስከፈለው ልጁን ነው። በዕድሜ ልክ እገዳ የተቃጠለ ሰው ይህን ማድረጉ ከሥራዎቹ ሁሉ ለመረዳት የሚያስቸግረው ነው። በዚያው ዓመት መጨረሻ ሁለተኛው የሊግ ሻምፒዮና ተገኘ።

በ1934 አዲስ ዓመት ዕለት ቻፕማን የቤሪን ጨዋታ ለማየት ወደ ሰሜን ሄደ፤ በማግስቱ ወደ ሼፊልድ ተሻግሮ የሚቀጥለውን ተጋጣሚውን ዌንስዴይን ተመለከተ። በብርዱ ተመትቶ ለንደን ሲመለስ ሐኪም ከቤት እንዳይወጣ ቢመክረውም የክለቡን ሦስተኛ ቡድን ልጆች ለማየት ወደ ጊልፈርድ ሄደ። ጉንፋኑ ወደ ሳንባ ምች ተለወጠ። ጃንዋሪ 6 ቀን ሌሊት፣ በሃምሳ አምስት ዓመቱ ዐረፈ። ብዙ ተጫዋቾች ሞቱን የሰሙት ከሰዓት በኋላ ለጨዋታ ወደ ሃይበሪ ሲመጡ ነው። በዚያ ቀን የመጣው እንግዳ ክለብ ወንድሙ ሃሪ ሜዳሊያዎቹን ያገኘበት ዌንስዴይ ነበር። ጨዋታው 1 ለ 1 ተፈጸመ። ቻፕማን በሄንደን መቃብር ሲያርፍ አስከሬኑን የተሸከሙት ተጫዋቾቹ ናቸው።

የጀመረውን ጆ ሾው፣ ከእሱም በኋላ ጆርጅ አሊሰን ቀጠሉ። በ1934 የውድድር ዘመን መጨረሻ አርሰናል በ59 ነጥብ አንደኛ፣ ኸደርስፊልድ በ56 ነጥብ ሁለተኛ ወጡ። በ1935 አርሰናል ሦስተኛውን ተከታታይ ሻምፒዮና አገኘ። በኸደርስፊልድ እንደሆነው ሁሉ በዚህም ክለብ ሦስተኛው ሜዳሊያ የተሰጠው እሱ በሌለበት ነው። ባስቲንና ኤዲ ሀፕጉድ በ1938 አምስተኛ ሜዳሊያቸውን ተቀበሉ። በ1936 በተሠራው የምሥራቅ ሰገነት መግቢያ አዳራሽ ጃኮብ ኤፕስታይን የቀረጸው የቻፕማን የነሐስ ምስል ቆመ። ክለቡ በ2006 ሃይበሪን ለቅቆ ወደ አዲሱ ስታዲዮም ሲዛወር አሮጌው ሜዳ የመኖሪያ ቤት ሆነ፤ የባቡር ጣቢያው ግን እስከ ዛሬ በሰጠው ስም ይጠራል።